ሃይማኖት ለማኅበረሰብ ምን ይሠራል? ከአንድ ጽዋ ማኅበር ተነስቶ መመርመር

«ሃይማኖት ለሀገር ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ከለጠፈ በቃ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ስድብ ነው። ከዚያ ሁሉም በገባበት ይወጣል። ሰዎቹ ማሰብ አቅቷቸው አይመስለኝም። ጥያቄው በጣም ሰፊ ነው፤ ማንም የፈለገውን ምሳሌ መዝዞ ያሸንፍበታል። አንዱ ድሃ የሚያበላ ሰንበቴ ይጠራል፣ ሌላው የተቃጠለ ቤተ እምነት ይጠራል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሶሲዮሎጂ፣ ማኅበረሰብን የሚያጠናው ትምህርት፣ የሚረዳን እዚህ ላይ ነው። ጥያቄውን ያጠበዋል። የትኛው ሥርዓት? የት? መቼ? ለማን ምን አደረገ? ማንንስ ውጭ አስቀረ? እንዲህ ሲጠየቅ የሚታይ፣ የሚቆጠር፣ ሰው የሚጠየቅበት ነገር ይገኛል። ይህን የምጽፈው ኮሌጅ ገብታችሁ «የሃይማኖትን ማኅበራዊ ሚና ተንትኑ» ለተባላችሁ ነው፤ እንዲሁ ነገሩ ለሚያሳስባችሁም ይሆናል። መነሻ የማደርገው ጽዋ ማኅበርን ነው። ሙስሊም ከሆናችሁ የራሳችሁን ጀማዓ፣ ጴንጤ ከሆናችሁ የቤት ኅብረታችሁን ተኩበት። ጥያቄዎቹ አይለወጡም።

መጀመሪያ ግን እምነቱ እውነት ነው አይደለም የሚለውን ለጊዜው አቆዩት። ሶሲዮሎጂ ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚለው ነገር የለውም፣ መሣሪያውም የለውም። የሚያየው ሰዎች በእምነታቸው ምክንያት አንድ ላይ ምን እንደሚያደርጉ ነው። ከሶሲዮሎጂ መሥራቾች አንዱ የሆነው ኤሚል ዱርካይም የረቢ፣ የአይሁድ ሃይማኖት መምህር፣ ልጅ ነበር፣ ግን በአባቱ መንገድ አልሄደም። ሌላው መሥራች ማክስ ዌበር ደግሞ ለሃይማኖት የሚሆን ጆሮ እንዳልተሰጠው ራሱ ጽፏል፤ ይሁንና ዕድሜውን ሙሉ ስለ ፕሮቴስታንት፣ ስለ ሂንዱ፣ ስለ ቡድሃ፣ ስለ ጥንት አይሁድ እምነት ሲመረምር ኖሯል። ስለዚህ አማኝም ሆናችሁ፣ እምነት የሌላችሁም ሆናችሁ ትችሉታላችሁ። አማኝ የሆነ ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ ነገሩን ከልጅነቱ ስለለመደው አያየውም። መድኃኒቱ፣ ማኅበር አይቶ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዱ አድርጋችሁ መጻፍ ነው።

ትንሽ ነገር ምረጡ

«የኦርቶዶክስ ሚና በኢትዮጵያ» ብላችሁ አትጀምሩ፤ በዚህ ርዕስ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። «በእኛ ሰፈር በየወሩ በ12 የሚጠጣው የሚካኤል ማኅበር» በሉ። ይህ የሚያዝ ነገር ነው።

የማኅበሩን ሙሴ፣ ማለትም መሪውን፣ አስቀድማችሁ አግኙና ፈቃድ ጠይቁ። ምን ልትጽፉ እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላም ደብተር ይዛችሁ መሐል አትቀመጡ፣ ስልክ አውጥታችሁም አትቅረጹ። ሰው እየተጻፈበት እንደሆነ ሲያውቅ አይጫወትም፣ ቤቱም የሰው ቤት ነው። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ሁሉንም ጻፉት። ነገ ጠዋት ግማሹ ጠፍቷል።

ምን ልጻፍ ካላችሁ፣ የተደረገውን ጻፉ። ማን ቀድሞ መጣ? ማን የት ተቀመጠ? ቄሱ ከጸለዩ በኋላ ዳቦው ለማን ቀድሞ ተቆረሰ? ጠላውን የሚቀዳው ማነው? ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር የወሰደው ተረኛ ፊቱ ላይ ምን ይነበብ ነበር፣ ደስታ ነው ወይስ የወጪ ሐሳብ? ወሬው ከጸሎት ወደ ሰፈር ጉዳይ የዞረው መቼ ነው? ያልመጣ ሰው ይቀጣል ወይ? የተኳረፉ ሰዎች ካሉ ማን አስታረቃቸው? «ማኅበርተኞቹ በፍቅር ተሰባስበው ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግረንም፣ አውጡት።

ይህን ከያዛችሁ በኋላ ነው ወደ ሊቃውንቱ፣ ወደ ዱርካይም፣ ወደ ካርል ማርክስና ወደ ዌበር፣ የምትሄዱት። ብዙ ተማሪ ተገላቢጦሽ ያደርገዋል፤ ሦስት ገጽ ዱርካይም፣ ሦስት ገጽ ማርክስ ይገለብጥና ሰፈሩን መጨረሻ ላይ በአንድ አንቀጽ ይለጥፋል። እንዲህ አታድርጉ።

የዱርካይም ጥያቄ፦ ምን አጣበቃቸው?

ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ትልቅ ሥራው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦችን እምነት ተነተነ። ራሱ አውስትራሊያን አላያትም፤ ሌሎች ሄደው በጻፉት ላይ ነው የሠራው። የደረሰበት ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። ሃይማኖት ማለት አንዳንድ ነገሮችን ቅዱስ ብሎ ከተራው ነገር መለየት ነው፤ በዚያ ልዩነት ዙሪያ የሚሰባሰቡ ሰዎችም አንድ የሥነ ምግባር ማኅበረሰብ ይሆናሉ። ሲሰበሰቡ፣ አብረው ሲዘምሩ፣ አብረው ሲንቀሳቀሱ ብቻቸውን የማያገኙት ኃይል ይሰማቸዋል። የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ የቆመ ሰው፣ ወይም ዒድ ጠዋት አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ በመቶ ሺዎች መካከል የሰገደ ሰው፣ ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

በማኅበራችሁ ላይ ይህን ጥያቄ ስታነሱ ቅዱስ የሆነውን ነገር ፈልጉ። ጠላው ያው ጠላ ነው፣ ዳቦውም ከዳቦ ቤት የመጣ ሊሆን ይችላል። ጽዋው ላይ ሲደርስ ግን ሰዎቹ አያያዛቸው ይለወጣል። እጃቸው፣ ድምፃቸው፣ አነሣሣቸው። እዚያ ላይ አተኩሩ። ቀጥሎ ያ ቅድስና ወደ ምን ዓይነት ግዴታ እንደሚለወጥ ተከተሉ፦ ማኅበርተኛ ሲታመም ማን ሄደ፣ ሲሞትበት ማን አደረ፣ ልጅ ሲዳር ማን ጠመቀ።

እኔ በግሌ ከሁሉም ይልቅ ለዚህ ጥያቄ አደላለሁ። ምክንያቱም መንግሥት፣ ባንክና ኢንሹራንስ ባልደረሱበት ቦታ ሰው የሚተማመነው በዚህ ነው። ለዚህ ነው እድርንም አብራችሁ ማየት ያለባችሁ። እድር በአብዛኛው የሃይማኖት ድርጅት አይደለም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የሚገባባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። ድንኳኑ አንድ ነው፣ ወንበሩ አንድ ነው፣ ወርኃዊ መዋጮውም አንድ ነው። ታዲያ ማኅበሩና እድሩ ሁለቱም ሰውን የሚያስተሳስሩ ከሆነ፣ ማኅበሩ እድሩ የማይሰጠው ምን ይሰጣል? ይህን ጥያቄ ማኅበርተኞቹን ራሳቸውን ጠይቁ። መልሳቸው ከማንም ንድፈ ሐሳብ የበለጠ ያስተምራችኋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዱርካይምን አጥብቆ የያዘ ሰው ሁሉም ነገር «ለአንድነት ይጠቅማል» ወደሚል ስንፍና ይወድቃል። አንድን ቡድን የሚያጣብቅ ነገር ሌላውን ሊገፋ ይችላል። ለብዙ ዘመን ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና አንጥረኛው «ቡዳ» እየተባሉ በአንዳንድ አካባቢ ከሰው ጋር ማዕድ እንዳይቀርቡ ሲደረግ የቆየው እኮ፣ እርስ በርሱ በጣም በሚዋደድ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ማን አልተጠራም?» የሚለውን ሳትጠይቁ ከዱርካይም አትነሱ።

የማርክስ ጥያቄ፦ ማን ተጠቀመ?

እኛ ሀገር ማርክስ ሲነሳ ትልልቆቹ ፊታቸው ይለወጣል። ደርግ በስሙ ያደረገው ስላለ። ንባቡንም አበላሽቶብናል። «ሃይማኖት የሕዝብ ኦፒየም ነው» የሚለው ብቻ ተለይቶ ተሰቅሎ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1844 በታተመው ጽሑፍ ላይ ግን ከዚያ ዓረፍተ ነገር በፊት ሃይማኖት የተጨቆነ ፍጡር ሲቃ፣ ልብ የሌለው ዓለም ልብ እንደሆነ ይላል። በዚያ ዘመን ደግሞ ኦፒየም ሰው ከፋርማሲ የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ ነበር። ማርክስ እያለ ያለው ሰውየው በእውነት ታሟል፣ ማስታገሻው ግን በሽታውን አያድነውም ነው። በሐሳቡ መስማማት ግዴታ የለባችሁም። ስትጠቅሱት ግን ሙሉውን ጥቀሱ።

የኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ማስረጃ አለው። በ1948 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በዘራቸውና በተቀቡት ቅባት ምክንያት አካላቸው የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይነካ እንደሆነ ይደነግጋል። ሥልጣንን ከጥያቄ በላይ ለማድረግ ቅባቱ እንዴት እንደተሠራበት በአንድ አንቀጽ ቁጭ ብሏል። ቤተ ክርስቲያኒቱም ሰፊ የሰሞን መሬት፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሬት፣ ነበራት፣ ገበሬው ይገብርበት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሁሉ ተቋረጠ።

ግን እዚህ ላይ አታቁሙ፤ ያው ሃይማኖት በሌላ ቀን በተቃራኒው ቆሟል። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በጣሊያን የተረሸኑት አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም ደግሞ የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ለእኩልነት አደባባይ ወጡ፣ ብዙ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ሦስቱ የሙስሊም በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ። ሃይማኖት ሰውን ዝም ያሰኛል የሚል ሰው ለእነዚህ ቀኖች መልስ ሊኖረው ይገባል፤ ሃይማኖት ሁልጊዜ ከተገፋው ጎን ነው የሚልም ሰው ለአንቀጽ 4 መልስ ይኑረው።

ወደ ማኅበራችሁ ስትመለሱ ጥያቄውን ወደ ቤት ውስጥ አውርዱት። ድግሱ ስንት ያወጣል? የቀን ሠራተኛው ማኅበርተኛና ባለ ሱቁ እኩል ነው የሚደግሱት? አንዱ ተበድሮ እንደሚደግስ ታውቃላችሁ? አቅም አንሶት ማኅበሩን የተወ ሰው ካለ ፈልጋችሁ አነጋግሩት፤ ብዙውን ጊዜ «ጊዜ አጥቼ ነው» ይላችኋል። ቀስ ብላችሁ ስሙት።

እና ጓዳውን አትዝለሉ። ሴቶቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ጌሾ ወቅጠው፣ ብቅል አዘጋጅተው፣ ጠላ ጠንስሰው፣ ንፍሮ ቀቅለው ነው ያ ቀን የሚደርሰው። በወንዶች ማኅበር ቀን ማን ቁጭ ብሎ ጠጣ፣ ማን ቆሞ አሳለፈ? የሴቶች ማኅበርስ ሲሆን ወንዶቹ የት ነበሩ? ማርክስ ራሱ ይህን ብዙም አላየውም፤ በኋላ የመጡ ሴት ተመራማሪዎች ናቸው አጥብቀው የጠየቁት። ለእኔ ብዙ ተማሪ የሚስተው፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚገልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ሲጠየቅም መልሱ ሁልጊዜ ጭቆና አይደለም። ለብዙ እናቶች የማርያም ማኅበር ከባልም ከልጅም ጉዳይ ወጥተው፣ ብር አዋጥተው፣ በራሳቸው የሚወስኑበት ብቸኛው ቦታ ነው። ሁለቱንም ጻፉ።

የዌበር ጥያቄ፦ ለእነሱ ምን ማለት ነው?

ዌበር እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 በጻፈው ታዋቂ ሥራው፣ የካልቪን ተከታዮች የሆኑ ፕሮቴስታንቶች «ድኛለሁ ወይስ አልዳንኩም» የሚለው ጭንቀት በሥራ ትጋትና ገንዘብ ባለማባከን እንዴት እንደተገለጠ፣ ይህም ለካፒታሊዝም መንፈስ እንዴት እንደተመቸ አሳየ። ፕሮቴስታንት ካፒታሊዝምን ፈጠረ አላለም። ይህን ስህተት ወረቀታችሁ ላይ እንዳላየው። እሱ ያለው፣ ሰው የሚያደርገውን ለመረዳት ሰውየው ለድርጊቱ የሚሰጠውን ትርጉም ማወቅ አለብን ነው።

ስለዚህ «ለምን?» በሉ፣ መልሱን በራሳቸው አፍ ውሰዱ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደውን ሰው አስቡት። ስንት ሰዓት መንገድ ተጉዞ፣ ተጨናንቆ፣ ስለቱን አስገብቶ ይመለሳል። ከውጭ ለሚያይ ወጪ ነው። ለእሱ ግን ቃሉን መፈጸም ነው፤ ያልፈጸመ እንደሆነ እንቅልፍ የለውም። በሌላ በኩል ጴንጤ ሆኖ መጠጥና ድግስ የተወ ሰው አለ። ያ ገንዘብ የት ሄደ? ቁጠባ ሆነ፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ወይስ አስራት ሆኖ ገባ? አትገምቱ፣ ጠይቁ።

ሦስቱን አንድ ላይ ስታደርጉ

በየተራ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ክስተት ላይ ሦስቱንም ሞክሩ። እኔ የምወደው ምሳሌ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ። በ1974 ዓ.ም ደርግ ሲዘጋት አባላቷ 5,000 ገደማ ነበሩ። ሕንፃዎቹ ተወሰዱ፣ መሪዎች ታሰሩ። ምዕመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን መሰብሰብ ጀመሩ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆኖ ወጣ። ማርክስ ላይ ብቻ ብትቆሙ ይህን ማስረዳት ይከብዳችኋል፤ መሬቱም ሥልጣኑም በሌለበት ነው ያደገችው። ዱርካይም የትንሹን ቡድን ጥብቅ ትስስር ያሳያችኋል። ዌበር ደግሞ ስደቱ ራሱ ለአማኙ የእምነቱ ማረጋገጫ ሆኖ እንደተሰማው እንድትጠይቁ ይገፋችኋል። ማርክስም ቢሆን ዋጋ አለው፦ ሰው በዚያ የጦርነትና የፍርሃት ዘመን ያጣው ምን ነበር?

ሌላው የሚጠቅማችሁ፣ አንድ ሥርዓት ቦታ ሲቀይር ሥራው እንዴት እንደሚቀየር ማየት ነው። የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በዓል የሆነው ሲግድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎንደር በነበረበት ጊዜ ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፣ ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ ወደ ኢየሩሳሌም የመመለስ ናፍቆት ይጸለያል። ዛሬ በዓሉ የሚከበረው እዚያው ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሐናጺቭ ላይ ነው። የተናፈቀችው ከተማ ውስጥ ቆሞ ምን ይናፈቃል? ሥርዓቱ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ2008 የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት ብሔራዊ በዓል አደረገው፤ ለወጣቱ ትውልድም «እኛ እዚህ አለን፣ ታሪክ አለን» የሚልበት ቀን ሆኗል። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናትንም እንዲሁ እዩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ፣ አዲስ የመጣ ሰው ሥራና ቤት ያጠያይቃል፣ የሞተበት ይጽናናል። ሀገር ቤት ሰፈር፣ ዘመድና እድር ተካፍለው የሚሠሩት፣ እዚያ በአንድ ጣሪያ ሥር ገብቷል።

ቁጥር ስትጠቀሙ

ቁጥር አስገቡ፣ ግን ማን እንዴት እንደቆጠረው እወቁ። በ1987 ዓ.ም ቆጠራ ኦርቶዶክስ 50.6 በመቶ፣ ሙስሊም 32.8፣ ፕሮቴስታንት 10 ገደማ ነበር። በ1999 ቆጠራ ኦርቶዶክስ ወደ 43.5 ወረደ፣ ሙስሊም 33.9 ሆነ፣ ፕሮቴስታንት ከ18 በመቶ አለፈ። ትልቅ ለውጥ ነው። ቁጥሩ ግን ሰዎች ራሳቸውን ምን ብለው እንዳስመዘገቡ እንጂ ምን ያህል እንደሚጸልዩ፣ ለማን እንደሚደርሱ አይነግራችሁም። ዱርካይም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1897 ፕሮቴስታንቶች ከካቶሊኮች ይበልጥ ራሳቸውን ያጠፋሉ ብሎ ከመንግሥት መዝገብ አሳየ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ካቶሊክ ቤተሰቦች በነውሩ ምክንያት አሟሟቱን ደብቀው ቢሆንስ ብለው ጠየቁት። እናንተም እንደዚያ ጠይቁ።

«ሰው ሲማርና ሲሠለጥን ሃይማኖት ይጠፋል» የሚለውንም እንደ ሕግ አትጻፉት። ፒተር በርገር የተባለው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዲያ ያስብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ዓለም እንደድሮዋ ሃይማኖተኛ ናት ብሎ ሐሳቡን በአደባባይ ቀየረ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት ነጠላ ለብሶ ቅዳሴ አድርሶ ቢሮ የሚገባውን ወጣት ቁጠሩና ራሳችሁ ፍረዱ። በተቃራኒው «ድሮ ሁሉም ሰው አማኝ ነበር» የሚለውም ማስረጃ ይጠየቅበታል። ድሮ ለመቅረት ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ስትጽፉ የሰዎቹን ስም ቀይሩ። የማኅበሩን ቀንና ሰፈሩንም ሰው ለይቶ የሚያውቀው ከሆነ ቀይሩት። ገንዘብ ተበድሮ የደገሰውን ሰው ጎረቤቱ እንዳያውቀው አድርጉ፤ ለወረቀታችሁ ውጤት ብላችሁ ሰው አታሳፍሩ። ረቂቁ ሲያልቅ ለሙሴውና ለጓዳ ለነበረች አንዲት እናት አንብቡላቸው። «እንዲህ አይደለም» ካሉ ተከራከሩ፣ ካሳመኑዋችሁ አርሙት፣ ካላሳመኑዋችሁ የእናንተን ሐሳብ አስቀምጣችሁ የእነሱን ተቃውሞ በራሳቸው ቃል ከጎኑ ጻፉት።